ጀርመን ወርደው አማርኛን ያስተማሩት መነኩሴ፦ አባ ጎርጎርዮስ

ከየካ አባዶ ተነስታችሁ በመገናኛ አድርጋችሁ ወደ ቀበና ስትሄዱ፣ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ዛፍ የሞላበትን የጀርመን ኤምባሲ ግቢ ታገኛላችሁ። ኢትዮጵያና ጀርመን የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1905 ነው። ከዚያ 253 ዓመት ቀድሞ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጀርመን አገር፣ መስፍን ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጠው ስለ አገራቸውና ስለ ቋንቋቸው ያስተምሩ ነበር። ዛሬ የምናወራችሁ ስለ እሳቸው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። መካነ ሥላሴ በጥንቱ የአምሐራ ግዛት፣ በዛሬው ወሎ ውስጥ የነበረ ስመ ጥር ደብር ነው። ግዕዝን ጠንቅቀው ያወቁ፣ የተማሩ ሰው ነበሩ። ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሲሆኑ አገር በሃይማኖት ተከፈለ፣ ብዙ ደምም ፈሰሰ። አባ ጎርጎርዮስ ከካቶሊኮቹ ወገን ቆሙ። በ1632 አፄ ፋሲለደስ ነግሠው የቀድሞውን ሃይማኖት ሲመልሱ ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባረሩ። እሳቸውም አገራቸውን ጥለው ወጡ፤ በሕንድ አድርገው በመጨረሻ ሮም ገቡ። እዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ መኖር ጀመሩ።

በ1649 አንድ ወጣት ጀርመናዊ ይህን በር አንኳኳ። ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል፣ በእኛ አፍ ኢዮብ ማለት ነው። ዕድሜው ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ነው። ግዕዝን ከመጽሐፍ ላይ ብቻ ለብቻው አጥንቷል፤ ሲነገር ግን በጆሮው ሰምቶ አያውቅም። አፉን ከፍቶ በግዕዝ ሲናገር ኢትዮጵያውያኑ መጀመሪያ ተገረሙ፣ ቀጥሎ ሳቁ።

አይፈረድባቸውም። እስቲ አስቡት፤ ድምፅ በሌለው አፕ ቋንቋ ተምራችሁ ባለቤቶቹ ፊት ብትናገሩ ምን ትሆናላችሁ? ጠ፣ ቀ እና ጸ የሚባሉት ድምፆች ጀርመንኛ ውስጥ የሉም። ወረቀት ፊደሉን ያሳያል እንጂ አፉን አያሳይም። ለዚያ ሰው ያስፈልጋል። ሉዶልፍም ሰው አገኘ።

በዚያን ጊዜ አውሮፓ ስለ ቋንቋዎቻችን የምታውቀው እጅግ ትንሽ ነበር። በ1513 ሮም ውስጥ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ያሳተመው ሰው እንኳን ቋንቋውን ከለዳዊ ብሎ ነበር የጠራው። የቋንቋችንን ስም ሳይቀር ተሳስተውታል ማለት ነው።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ጋበዟቸው። ሉዶልፍ ኑርንበርግ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው። ከዚያ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ክረምቱን አብረው ሲሠሩ ከረሙ። ጥያቄው ማለቂያ አልነበረውም። ንጉሡ እንዴት ይኖራል? ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት ነው? አገሩ፣ እንስሳቱ፣ ሕጉስ? መልሱ ሁሉ እየተጻፈ ተቀመጠ።

የአማርኛው ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። ግዕዝ ቢያንስ መጽሐፍ አለው። አማርኛ ግን በዚያን ጊዜ በአብዛኛው የሚነገር እንጂ የሚጻፍ ቋንቋ አልነበረም። ስለዚህ መጽሐፉም መዝገበ ቃላቱም ራሳቸው አባ ጎርጎርዮስ ሆኑ። ዛሬ የቋንቋ ተመራማሪዎች ገጠር ወርደው ተናጋሪውን እየጠየቁ የሚሠሩት ሥራ ይሄው ነው።

ከጎታ ወደ ኢጣሊያ ከተመለሱም በኋላ ሁለቱ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ምሥራቅ ለመመለስ ባሕር ላይ ወጡ። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው በእስክንድሩን አቅራቢያ መርከባቸው ተሰበረችና እዚያው ሞቱ። አገራቸውን ዳግም አላዩም።

መጽሐፎቹንም አላዩም። የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለንደን ላይ የታተመው በ1661 ነው፣ እሳቸው በሞቱ በ3ኛው ዓመት። የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ በ1681 ወጣ። የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ታተሙ። 40 ዓመት ሙሉ! ያ ወጣት ሉዶልፍ በዚያን ጊዜ ከ70 ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ነበር።

ሽፋኖቹ ላይ ያለው ስም የሉዶልፍ ነው። እውነቱን ለመናገር እሱ ወዳጁን አልደበቀም፤ ማን እንዳስተማረው ጽፏል፣ በ1691 መጽሐፉም የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አትሟል። በኋላ የመጡት ናቸው ሉዶልፍን የኢትዮጵያ ጥናት አባት ብለው፣ መነኩሴውን መረጃ ሰጪ ብለው ያለፏቸው። እኛ በዚህ አንስማማም። መጠየቅ ሥራ ነው፤ መመለስም ሥራ ነው። ይህ ይባላል፣ ይህ አይባልም፣ ይሄኛው ግዕዝ ነው፣ ያኛው አማርኛ ነው ብሎ መለየት ዕውቀት እንጂ ወሬ ማቀበል አይደለም። ዛሬ የእሳቸውን ድርሻ አጥንተው ከሉዶልፍ እኩል የሚያስቀምጧቸው ምሁራን አሉ፤ ደግ አደረጉ።

ይህ የድሮ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም ስልኮች የአማርኛን ንግግር የሚማሩት ሰው ድምፁን ቀድቶ ሲሰጣቸው ነው። ከእናንተ መካከል ድምፃችሁን የቀዳችሁ፣ ቃል የተረጎማችሁ ትኖራላችሁ። የአባ ጎርጎርዮስን ሥራ እየሠራችሁ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ ከወዲሁ ጠይቁ።

በዚያ ኤምባሲ በኩል በታክሲ ስታልፉ እኒህን መነኩሴ አስታውሷቸው። ስማቸውን ከዚህ በፊት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።