ማርያ ጋኤታና አኜዚ፦ ለተማሪው የሚበጀውን ጥያቄ የመረጠች መምህርት

የሚያስተምር ሁሉ ለተማሪዎቹ የሚያቀርበውን ጥያቄ ይመርጣል። ይህ ምርጫ የእውቀት ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ጉዳይ ነው። በሚገባ የተመረጠ ጥያቄ ተማሪውን ደረጃ በደረጃ ከፍ ያደርገዋል፤ የመምህሩን አዋቂነት ለማሳየት የቀረበ ግን ያሳፍረዋል፣ ከትምህርትም ያርቀዋል። ሁለቱንም ዓይነት ጥያቄ በሕይወቷ የምታውቀውን የማርያ ጋኤታና አኜዚን ታሪክ በዚህ እትማችን እናቀርባለን። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማርያ በ1718 ዓ.ም. በኢጣልያ በሚላኖ ከተማ፣ በሐር ንግድ ከበለጸገ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ፒየትሮ ሦስት ጊዜ አግብተው 21 ልጆች ወልደዋል፤ የሁሉም ታላቅ እርሷ ነበረች። ገና በልጅነቷ ብዙ ቋንቋዎችን ስለ ተማረች፣ አባቷ ሊቃውንትንና መኳንንትን ወደ ቤታቸው እየጋበዙ በላቲን ቋንቋ ያከራክሯት ነበር። የክርክሮቹ ርእሶች ተሰብስበው በ1738 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተሙ። እርሷ ግን ጥያቄው ለአድናቆት ብቻ የሚቀርብበት ይህ ጉባኤ አላስደሰታትም። ወደ ገዳም ለመግባት ፈልጋ አባቷ እጅግ ስላዘኑ፣ በቀላል ልብስ እንድትኖር፣ በፈለገችው ጊዜ ቤተ ክርስቲያን እንድትሄድና ከጭፈራና ከቲያትር እንድትቀር ተፈቅዶላት በቤት ቀረች።

ከዚያም በመነኩሴው በራሚሮ ራምፒኔሊ መሪነት ሒሳብን በጥልቀት አጠናች። በዚያን ጊዜ ካልኩለስ የተባለው አዲስ የሒሳብ ዘርፍ በኒውተን፣ በላይብኒትስና በሌሎች ሊቃውንት ጽሑፎች ውስጥ በልዩ ልዩ ቋንቋና ምልክት ተበታትኖ ስለ ነበር፣ ወጣቱ ያለ መምህር ሊደርስበት አይችልም ነበር። ማርያ በ1748 ዓ.ም. ከ1000 ገጽ በላይ የሆነ፣ ለኢጣልያ ወጣቶች የታሰበ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመች። የሊቃውንት ቋንቋ በሆነው በላቲን መጻፍ እየቻለች ወጣቶቹ በሚያውቁት በጣልያንኛ ጻፈች። ከአልጀብራ ተነሥታ ወደ ረቂቁ ስሌት ቀስ በቀስ ወጣች፤ ለየዘዴው የተሠሩ ምሳሌዎችን አቀረበች። ዛሬ በስሟ የሚጠራው ጠማማ መስመርም እርሷ ያገኘችው አይደለም፤ ከእርሷ በፊት ሌሎች ያጠኑት፣ እርሷም ለተማሪው ምሳሌ ይሆን ዘንድ የመረጠችው ጥያቄ ነው። ስሟ የቀረው ራሷን ለማሳየት ባላሰበችበት ቦታ መሆኑ ያስደንቃል።

መጽሐፉ የተበረከተላቸው ንግሥት ማርያ ተሬዝያ ስጦታ ላኩላት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛም በ1750 ዓ.ም. በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ማዕረግ ሰጧት፤ እርሷ ግን በዚያ ለማስተማር አልሄደችም። አባቷ በ1752 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሕይወቷን ለድሆችና ለሕሙማን ሰጠች፤ ለሕፃናትና ለችግረኞችም ትምህርተ ክርስቶስ አስተማረች። በ1762 ዓ.ም. ከቶሪኖ ስለ ወጣቱ ላግራንጅ የሒሳብ ሥራ አስተያየት ስትጠየቅ፣ ከዚህ ትምህርት መራቋን ገልጻ ይቅርታ ጠየቀች። ሒሳብን በመተዋ የሚያዝኑላት አሉ፤ እኛ ግን ሁለቱን የሕይወቷን ክፍሎች አንድ ሐሳብ እንደሚያስተሳስራቸው እናምናለን፤ እርሱም ከራስ ክብር ይልቅ የሚቀበለውን ሰው ጥቅም ማስቀደም ነው። ከ1771 ዓ.ም. ጀምሮ ትሪቩልትስዮ በተባለው የድሆች መጠለያ የሴቶችን ክፍል መራች። ጥር 9 ቀን 1799 ዓ.ም. በ80 ዓመቷ ዐርፋ ከድሆች ጋር በአንድ መቃብር ተቀበረች።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ሕፃናቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ጥያቄው ለማን ጥቅም እንደ ተመረጠ ራሳችሁን መርምሩ። ከኋላ የተቀመጠው፣ እጁን ለማንሣት የሚፈራው ልጅ የሚደርስበት ደረጃ ከሌለው፣ ጥያቄው ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን ገና አልተመረጠም። ለዚህ ማስተዋል እግዚአብሔር ጸጋውን ያብዛልን።