ክላውድ ሻነን፦ በጫጫታ መሐል መልእክትን ያዳነ የሒሳብ ሊቅ

ከሐራ ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልድያ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚደረግ ንግግር እንዳለ በአየር አይጓዝም። ድምፁ ወደ አኃዝ ይለወጣል፤ በመንገድ ላይ የሚበላሸውን ለማረም የሚያስችሉ ተጨማሪ አኃዞችም ይታከሉበታል። ተቀባዩ መሣሪያ ደግሞ ከጫጫታ ጋር ተደባልቆ ከደረሰው ውስጥ የተላከው የትኛው እንደሆነ አስልቶ ይገምታል። ለዚህ አሠራር የሒሳብ መሠረት የጣለው አሜሪካዊው ክላውድ ሻነን ነው።

ሻነን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1916 በሚቺጋን ግዛት ተወልዶ ጌይሎርድ በተባለች አነስተኛ ከተማ አደገ። አባቱ ዳኛ፣ እናቱ የቋንቋ መምህርት ነበሩ። በልጅነቱ የአጥር እሾሃማ ሽቦን እንደ መስመር ተጠቅሞ ራቅ ብሎ ከሚኖር ጓደኛው ጋር በቴሌግራፍ ይገናኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስናና በሒሳብ በሁለት ዲግሪ ከተመረቀ በኋላ ትምህርቱን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1941 በቤል ላቦራቶሪ ተቀጠረ። በጦርነቱ ዓመታት በምስጢራዊ ጽሑፍ ጥናት ተሰማርቷል፤ ስሕተት ከተቀላቀለበት የራዳር መረጃ የአውሮፕላንን ቀጣይ ቦታ በመገመት ሥራም ተካፍሏል።

ዋነኛው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1948 ታተመ። እስከዚያ ድረስ መሐንዲሶች መልእክት በጥራት እንዲደርስ የማሰራጫውን ኃይል መጨመር ወይም ፍጥነቱን እየቀነሱ መደጋገም ግድ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሻነን ግን እያንዳንዱ መስመር የራሱ የመሸከም ዐቅም እንዳለውና ከዚያ በታች እስከተላከ ድረስ ስሕተቱን የተፈለገውን ያህል ማሳነስ እንደሚቻል በሒሳብ አረጋገጠ። ለአብነት 3 ሺህ ኸርዝ ስፋት ያለው፣ የመልእክቱ ኃይል ከጫጫታው 1 ሺህ ጊዜ የሚበልጥበት የስልክ መስመር በሰከንድ 30 ሺህ ቢት ገደማ ያስተላልፋል፤ ከዚያ በላይ ያለ ስሕተት ማሳለፍ ግን አይቻልም።

ምስጢሩ ያለው ከመልእክቱ ጋር በሚታከለው ትርፍ ነገር ላይ ነው። ይህ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። በክፍያ ሰነድ ላይ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም የሚጻፈው አንዱ ቢደበዝዝ ሌላው እንዲያድነው ነው። አማርኛም ይህን ያደርጋል፤ አልማዝ ወደ መርሳ ሄደች ሲባል ስሟ በጫጫታ ቢዋጥ እንኳ የሄደችው ሴት መሆኗን የግሱ መጨረሻ ይነግረናል።

ይሁንና ሻነን እንዲህ ያለ ኮድ መኖሩን እንጂ አሠራሩን አላሳየም። ወደ ወሰኑ በእጅጉ የሚጠጋ ኮድ በፈረንሳይ በተሠራ ምርምር ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1993፣ ከ45 ዓመታት በኋላ ነው። የሚገርመው፣ ለዚሁ ዓላማ የሚሆን ሌላ ዘዴ ሮበርት ጋላገር በማሳቹሴትስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1960 አቅርቦ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ መቆየቱ ነው። ዛሬ የአምስተኛው ትውልድ ስልክ ይጠቀምበታል።

ሻነን ዝና የሚሻ ሰው አልነበረም። በላቦራቶሪው ኮሪደሮች ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ይነዳ፣ መንገዱን ፈልጎ የሚያገኝ የመካኒክ አይጥም ይሠራ ነበር፤ ኃላፊዎቹ ይህን መታገሣቸው ሳያስመሰግናቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በማሳቹሴትስ ተቋም አስተምሯል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመርሳት በሽታ ያዘው። በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ሲጀመር እርሱ ሕመሙ ጸንቶበት በመንከባከቢያ ቤት ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2001 በ84 ዓመቱ በማሳቹሴትስ አርፏል።