ኦወን ጆንስ፡ ርስቱን ለቀለም የሸጠው አርክቴክት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1834፣ ነሐሴ ወር፣ በስፔኗ ግራናዳ ከተማ አንድ ፈረንሳዊ አርክቴክት በኮሌራ በሽታ ሞተ። ጁል ጉሪ ይባላል፤ ዕድሜው ገና 31 ነበር። የሥራ ጓደኛው የ25 ዓመቱ እንግሊዛዊ ኦወን ጆንስ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ለስድስት ወራት ያህል አልሐምራ የተባለውን የሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት ሲለኩና ጌጡን ሲስሉ ቆይተዋል።

ጆንስ በ1809 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከዌልስ የመጣ የጸጉራም ቆዳ ነጋዴ ነበር። ጆንስ የሕንጻ ሙያን ስድስት ዓመት ከተማረ በኋላ አገር ለማየት ወጣ። ከጉሪ ጋር የተገናኙት ግሪክ ውስጥ ነው። ጉሪ፣ ነጭ ናቸው ይባሉ የነበሩት የግሪክ ቤተ መቅደሶች ጥንት በቀለም ያሸበረቁ እንደነበሩ ያጠና ነበር። አብረው ግብፅንና ቁስጥንጥንያን ጎብኝተው ስፔን ገቡ።

ጓደኛው ቢሞትም ጆንስ ሥራውን አልተወም። በ1837 ወደ ግራናዳ ተመልሶ የጎደለውን አሟላ። ትልቁ ፈተና ኅትመቱ ነበር። እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ ድንጋይ ላይ ተስሎ አንዱ በሌላው ላይ መታተም ነበረበት። የለንደን አታሚዎች የፈለገውን ጥራት ሊያወጡለት ስላልቻሉ ማተሚያውን ራሱ አቋቋመ። ገንዘብ ሲያጥረው ከአባቱ የወረሰውን የዌልስ ርስት ሸጠ። ከ1836 እስከ 1845 በክፍል በክፍል የወጣው መጽሐፍ ግን ወጪውን እንኳ አልመለሰለትም።

ዋጋው የተገኘው በሌላ መንገድ ነው። በ1851 ለንደን ላይ ለተካሄደው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ የመስታወቱን አዳራሽ የብረት ምሰሶዎች ቀለም እንዲመርጥ ተደረገ። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ እንዲቀቡ ሲወስን ጋዜጦች ተሳለቁበት። በሩ ሲከፈት ግን ብዙዎቹ ነቃፊዎች አድናቂዎች ሆኑ። አዳራሹን 6 ሚሊዮን ያህል ሰው ጎበኘው። በ1856 ደግሞ የብዙ ሕዝቦችን የጌጥ ጥበብ በ100 የቀለም ገጾች ሰብስቦ፣ 37 የንድፍ ሕጎችን አክሎ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ የአረብ፣ የቱርክና የፋርስ ጌጦች ከግሪክና ከሮም እኩል ተቀመጡ። አልሐምራን ግን ከሁሉም በላይ አድርጎታል።

ጆንስ በ1874 በ65 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ። ርስቱን በሸጠበት መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከራሱ ስም አስቀድሞ ያሰፈረው የሟች ጓደኛውን የጉሪን ስም ነው።