ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ፦ ከድል በኋላ ስለ ነፃነት የተደራደሩት የቡልጋ ልጅ



እዚህ አትላንታ ለሚያድጉ ልጆቻችን የአድዋን ታሪክ ሁላችንም እንነግራቸዋለን። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ አገራችን በወዳጅ ጦር እጅ እንዴት እንደቆየች፣ ከዚያስ እንዴት እንደወጣች የምንነግራቸው ግን ጥቂቶች ነን። በዚያ ሥራ ውስጥ የእኛ አገር ሰው ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ስለዚህ በዘንድሮው እትማችን ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድን እናስታውሳለን።

አክሊሉ በ1904 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ሀብተወልድ የቡልጋ ተወላጅ፣ በእንጦጦ ራጉኤል ያገለገሉ ካህን ነበሩ። እንደ ወንድሞቻቸው እንደ መኮንንና እንደ አካለወርቅ ሁሉ አክሊሉም ከፍ ያሉት በመኳንንት ዘር ሳይሆን በትምህርትና በቤተ መንግሥቱ ድጋፍ ነው። እስክንድርያ በሚገኘው የፈረንሳይ ሊሴ ከተማሩ በኋላ ፓሪስ ሄደው ሕግ አጠኑ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር በፓሪሱ ሌጋሲዮን ውስጥ ሆነው የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ይሟገቱ ነበር። ወጣቱ የሕግ ተማሪ ያን ጊዜ ያየው ነገር ኋላ የጠቀመው ይመስለኛል። የመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ገብቶ ቃሉን ሲበላ፣ እንግሊዝም በ1931 ዓ.ም. የጣሊያንን ወረራ እንደ ሕጋዊ ግዛት ስትቀበል አይቷል።

እንግሊዝ ሐሳቧን የለወጠችው ጣሊያን ከሂትለር ጎን ተሰልፋ ጦርነት ስታውጅባት ነው። ከአርበኞቻችን ጋር ሆና ጣሊያንን ካስወጣች በኋላ ግን ኢትዮጵያን የቆጠረቻት ከጠላት እንደተማረከ መሬት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገብተዋል፤ አስተዳደሩን የያዙት ግን የእንግሊዝ ጦር ሹማምንት ነበሩ።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ሰር ፊሊፕ ሚቸል የፈረሙት ውል ይህን ሁኔታ አሻሻለው እንጂ አላስወገደውም። እንግሊዝ ኢትዮጵያ ነፃ መንግሥት መሆኗን አመነች፤ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሰጥም ተስማማች። ታዲያ ገንዘቡ ዋጋ ነበረው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ በላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ የውጭ አማካሪ ለመቅጠር ቢፈልጉ እንግሊዝን ማማከር ነበረባቸው። በፍርድ ቤት የእንግሊዝ ዳኞች ተቀመጡ። የባቡሩ መስመር፣ ኦጋዴንና ሪዘርቭድ ኤሪያ የሚባለው የምሥራቁ ክፍል በእንግሊዝ ጦር ሥር ቀሩ። በዚያ ሰዓት ከዚህ የተሻለ ይገኝ ነበር ብዬ አላምንም፤ ጦር የሌለው፣ ገንዘብ የሌለው መንግሥት ነበርና። ጥሩው ነገር ውሉ ለሁለት ዓመት ብቻ የታሰበ መሆኑ ነው።

ሁለቱ ዓመታት ሲያልፉ፣ በግንቦት 1936 ዓ.ም. መንግሥታችን ውሉ እንዲቀር ማስታወቂያ ሰጠ። ለአዲሱ ድርድር ለንደን ሎርድ ደ ላ ዋርን ላከች። በእኛ በኩል የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ፤ አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰርም አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። ውሉን የሚፈርሙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ናቸው። ቢትወደድ የተጉለት፣ አክሊሉ የቡልጋ፤ ተጉለትና ቡልጋ እንዲሁ አንድ ላይ አልተጠራም!

ክርክሩ ሦስት ወር ያህል ወሰደ። ኢትዮጵያ መሬቷን በሙሉ ጠየቀች። እንግሊዝ ኦጋዴንን አልለቅም አለች፤ ጦሯም እዚያው ነበር። በጉልበት ማስወጣት አይቻልም፣ ዝም ብሎ መስጠትም አይቻልም። በመጨረሻ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ባቡሩን መለሰ፣ የእንግሊዙን መልእክተኛ የበላይነት አስቀረ። ኦጋዴንና ሪዘርቭድ ኤሪያ ግን በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ይቆዩ ተባለ።

ላይ ላዩን ሲታይ ሽንፈት ይመስላል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ቃላቱን ነው። ውሉ እነዚህ መሬቶች በእንግሊዝ እጅ የሚቆዩት ኢትዮጵያ የጦር ጓደኛ እንደመሆኗ ለጦርነቱ ስኬት በምታደርገው እርዳታ ነው ይላል፤ የኢትዮጵያ ሉዓላዊነትም እንደማይነካ ይገልጻል። ቀደም ሲል እንደ ተማረከ መሬት የተቆጠረው አሁን ባለቤቱ ለጓደኛው ያዋሰው ሆነ። ያዋሰ ሰው ደግሞ ጊዜው ሲደርስ መጠየቅ ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላም ማንኛቸውም ወገን በሦስት ወር ማስታወቂያ ውሉን ሊያፈርስ ይችል ነበር።

ይህን ሁሉ አክሊሉ ብቻቸውን ሠሩት ማለት አይደለም። የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ዳሩ ግን በየቀኑ ከወረቀቱ ጋር የሚታገል ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው 33 ዓመት እንኳ ያልሞላቸው አክሊሉ ነበሩ።

ውሉ ብዙም ሳይቆይ አገልግሎት ላይ ዋለ። በ1937 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲንክሌር ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ሲሰጥ ኦጋዴንም ተካተተ። የእንግሊዝ ጦር በተቀመጠበት መሬት ላይ ኢትዮጵያ ፈቃድ ሰጠች ማለት ነው። ያን ጊዜውኑ ከቲደብሊውኤ ጋር የተፈረመው ውል የኢትዮጵያ አየር መንገድን አስገኘ። ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከአትላንታ ስንሳፈር መነሻው ይህ መሆኑን ብናስታውስ አይከፋም።

በ1938 ዓ.ም. የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቤቪን ኦጋዴንን ጨምሮ የሶማሊ መሬቶችን ሁሉ በአንድ አስተዳደር ሥር ለማዋል ሐሳብ አቀረቡ። ኢትዮጵያ በ1937ቱ ውል ላይ የታመነላትን ሉዓላዊነት ይዛ ተቃወመች። አክሊሉ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ተሟግተው፣ ከጣሊያን ጋር የተደረገውን የሰላም ውል የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ፈረሙ። በመስከረም 1941 ዓ.ም. እንግሊዝ ከኦጋዴን ከአብዛኛው ክፍል ወጣች። ሐውድና ሪዘርቭድ ኤሪያ የተመለሱት ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. በለንደን ከተፈረመው ስምምነት በኋላ፣ በዚያው ዓመት የካቲት ነው። ያን ጊዜ አክሊሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሕይወታቸው በሰፊው የታወቀ ነው። ወንድማቸው መኮንን በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ተገደሉ። እሳቸው ከ1953 እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የመሬት ሥሪቱን ጥያቄ አዘገዩ፣ የንጉሡን ፈቃድ ብቻ ይጠብቁ ነበር የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ነቀፋው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከታሰሩ በኋላ ስለ አገልግሎታቸው ማስታወሻ ጻፉ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታትሞ ወጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከተገደሉት መካከል የ1937ቱን ውል የፈረሙት የቢትወደድ መኮንን ልጅ፣ ልጅ እንዳልካቸው መኮንንም ነበሩ።