የካፒቴን ስሎከም ትርፍ ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከአንድ ወዳጄ ጋር ነበርኩ። ወዳጄ የገዛት ትንሽ የሸራ ጀልባ አለችው። የምሰሶዋን ወጣሪ ሽቦ ዝገት በልቶት ስለነበር ሊቀይረው ፈለገ። መፍቻውን አነሳና ሽቦውን ከሥሩ ፈታው። ምሰሶው ወዲያው ወደ ሌላው ጎን አዘነበለ። ሁለታችንም ተንጠልጥለን ያዝነው። አንድ ዓሣ አስጋሪ ሮጦ ገመድ ባያቀብለን ኖሮ የአንዳችን ራስ ይፈነከት ነበር።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የሸራ ጀልባ ምሰሶ እንደ ድንኳን ምሰሶ በየአቅጣጫው በተወጠሩ ገመዶች ወይም ሽቦዎች ይቆማል። አንዱ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ፣ ሌሎቹ ወደ ግራና ቀኝ ጎኗ ይወርዳሉ። አንዱ ሲላላ ሌላው ይጎትተዋል።

ማታ ቤቴ ስገባ ትዝ ያለኝ ካፒቴን ጆሽዋ ስሎከም ነው። ብቻውን ዓለምን በጀልባ በመዞር የመጀመሪያው የሆነው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1844 ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ባሕር ገባ፤ ከተራ መርከበኛነትም ተነስቶ ካፒቴን ሆነ። በ1871 ሲድኒ ላይ ያገባት ቨርጂኒያ በመርከብ አብራው ትኖር ነበር። በ1884 ቦነስ አይረስ ወደብ ላይ ሞተችበት። በ1887 ደግሞ መርከቡ ብራዚል ዳርቻ ተሰበረች። የእንፋሎት መርከብ ዘመን በመምጣቱ የሸራ ካፒቴን ፈላጊ አልነበረውም።

በ1892 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሜዳ ላይ የተጣለች አሮጌ ጀልባ በነፃ አገኘ። ስሟ ስፕሬይ ነው። በ13 ወራትና በ553 ዶላር ከ62 ሳንቲም እንደ አዲስ ሠራት። ሚያዝያ 1895 በ51 ዓመቱ ከቦስተን ተነሳ። ዋና አይችልም ነበር ይባላል።

ሚስቱ ያረፈችበት ቦነስ አይረስ ሲደርስ የስፕሬይን ምሰሶ ነቅሎ ሁለት ሜትር ያህል አሳጠረው። ከፊቱ የሚጠብቀውን የደቡብ አሜሪካ ጫፍ ማዕበል ያውቅ ነበርና ሥራውን በወደብ፣ በጸጥታ ጨረሰ። አባቶቻችን አድዋ ላይ በተዋጉበት ሰሞን እሱ በዚያ ጫፍ ከማዕበል ጋር ይታገል ነበር።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ጉዞው ሊያልቅ ሲል ነው። ሰኔ 20 ቀን 1898 (እ.ኤ.አ.) በከባድ ነፋስ ውስጥ የፊት ወጣሪው ገመድ ከምሰሶው ጫፍ ተበጠሰና ከነሸራው ባሕር ውስጥ ወደቀ። ስሎከም ሸራውን ጎትቶ አወጣ። ምሰሶው እንደ ሸንበቆ ሲወዛወዝ፣ የ54 ዓመቱ ሰው በያዘው ትርፍ ገመድና መዘውር ከጫፉ ላይ አዲስ ወጣሪ አበጅቶ አጠበቀው። ምሰሶው ከሥሩ በደንብ ባይተከል ኖሮ ግን ከዚያ ቀድሞ ይወድቅ ነበር። ከሳምንት በኋላ ኒውፖርት ገባ፤ 46 ሺህ ማይል ያህል ተጉዞ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ስፕሬይን ያዩ ሰዎች እንክብካቤ እንደጎደላት መስክረዋል። በኋላም ብቻውን ወደ ደቡብ አሜሪካ ሊጓዝ ወጣ፤ እሱም ጀልባዋም እስከ ዛሬ የደረሱበት አልታወቀም።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት፣ ሐይቁ ሳይናወጥ፣ ከወዳጄ ጋር ተመለስን። ሸራው ወርዶ ነበር። በመጀመሪያ ከምሰሶው ጫፍ በሚወርደው የሸራ መስቀያ ገመድ ሊፈታ በታሰበው ሽቦ በኩል ምሰሶውን ወጥረን አሰርን። ከዚያ በኋላ የማጥበቂያውን ብሎን ዙር እየቆጠርን፣ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ እየጻፍን ፈታን። አዲሱን ሽቦ በዚያው ልክ አጠበቅን፤ ብሎኑ ራሱን እንዳይፈታ ማቆሚያ ሽብልቁን ከተትን። ጊዜያዊውን ገመድ የፈታነው ከሁሉም በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማንም ምሰሶው ላይ አልወጣም።

ወዳጄ ያንን ትርፍ ገመድ ጠቅልሎ ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጠው። ዓሣ አስጋሪውን ግን ፈልገን አላገኘነውም፤ ቁርስ ልንጋብዘው ነበር።