የፎገራው መምህር አለቃ ገብረ ሐና

የአለቃ ገብረ ሐና ስም ሲነሣ ሁላችንም ፈገግ እንላለን። በየመኝታ ክፍላችን ማታ ማታ ስንት ቀልድ በስማቸው ይወራል! ግማሹን እሳቸውም ቢሰሙት አያውቁትም፤ ሌላው የፈጠረውን ሁሉ ለእሳቸው መስጠት ልማድ ሆኗልና። በዚህ እትማችን ግን ቀልዱን ለማታ ትተን ስለ መምህርነታቸው እንጽፋለን። ምክንያቱም ሰውየው የሩቅ ሰው አይደሉም። ከወረታ ወደ ጣና በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ላይ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባለው ደብር አካባቢ በ1814 ዓ.ም. ገደማ እንደተወለዱ ይነገራል። ነገ ብዙዎቻችን የምንመደበው እንደዚያ ባለው አገር ነው።

ልጅነታቸው እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ ነበር። በዚያ ዘመን ትምህርት የፈለገ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል። ቀን በየደጁ እየለመነ ያገኘውን ይቀምሳል፤ ማታ በጎጆው ተኮራምቶ ትምህርቱን ይቀጽላል። ገብረ ሐናም በዚህ መንገድ ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን ተምረው ጎንደር ገቡ። ጎንደር የሊቃውንት ከተማ ነበረችና እዚያ መመስገን ቀላል አልነበረም። እሳቸው ግን በዕውቀታቸው ተከብረው በአታ ለማርያም ደብር አለቃ እስከ መሆን ደረሱ።

በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን (1847–1860 ዓ.ም.) ስማቸው በቤተ መንግሥትም የታወቀ ሆነ፤ በኋላም በአፄ ምኒልክ ግቢ ታይተዋል። ንግግራቸው ሹል ስለነበረ ወዳጅ እንዳፈራላቸው ሁሉ ቁጣም አምጥቶባቸዋል። እንግዲህ ሰው ይህንን ይዞ ቀረ። ዋናው ሥራቸው ግን ሌላ ነው።

የቤተ ክህነቱን ትምህርት ላልቀረብን ጥቂት እናብራራ። አቋቋም የሚባለው ትምህርት ዜማው ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር የሚጠናበት ነው። ተማሪው መቋሚያ ይይዛል፣ ጸናጽል ያንሿሽል፣ ከበሮ ይመታል። ድምፁ፣ እጁና እግሩ አብረው ካልሄዱ ትምህርቱ አልገባውም ማለት ነው። የጎንደር ሊቃውንት ለዚህ ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ሥርዓት ነበራቸው፤ ከዚያ ውጭ መሄድ እንደ ድፍረት ይቆጠራል።

አለቃ ገብረ ሐና ከቤተ መንግሥት ርቀው በጣና ዙሪያ ባሉ ገዳማት በቆዩበት ጊዜ ነው ነገሩ የተወጠነው ይባላል። ማዕበሉ ሲመጣ በዳር የበቀለው ደንገል አብሮት ያዘነብላል፤ ማዕበሉ ሲመለስ ቀና ይላል። እኛም ብንሆን ይህንን ስንት ጊዜ አይተን አልፈናል? እሳቸው ግን ቆመው አዩት። ዜማውን ከዚያ ውዝዋዜ ጋር አስማምተው አዲስ የአቋቋም ስልት አበጁ። ፎገራ ላይ ያደገ ልጅ ሁሉ ከሚያውቀው ውኃና ቄጠማ ትምህርት ወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ጎንደር ደስ አላላትም። ሊቃውንቱ አልተቀበሉትም፤ ከሥርዓት የወጣ ነው ተባለ። እንግዲህ አዲስ ነገር ያመጣ መምህር በባልደረቦቹ ሲነቀፍ ምን ያደርጋል? ብዙው ይተወዋል፤ አንዳንዱ ተጣልቶ ይወጣል። አለቃ ገብረ ሐና ያደረጉት አንድ ነገር ነው። ለተማሪ አስተማሩት። ተማሪው የገዛ ልጃቸው ተክሌ ነበር። አለቃ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ከዚያ እየተስፋፋ ሄደ። ዛሬ ያ ስልት የተክሌ አቋቋም ተብሎ ከጎንደሩ ጎን ለጎን የሚሰጥ የታወቀ ትምህርት ነው። የአባትየው ስም በቀልድ፣ የልጅየው ስም በትምህርት ቀረ። አባትየው ቢሰሙ የሚከፋቸው አይመስለንም።

ከዚህ ሕይወት ለኛ የሚሆነው ምንድን ነው?

የድሮውን ትምህርት ቤት እንዳለ እንቅዳ አንልም። ልጃገረዶች ከደጁ አይደርሱም ነበር፤ አለንጋውም ብዙ ነበር። ነገር ግን ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ ትምህርት ቤቱ የመንደሩ ነበር። ተማሪውን የሚያበላው የመንደሩ ሰው ነው፤ የቀደመው ተማሪም ኋላ ለመጣው ያስተምራል። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ መምህር እንደ አለቃ ገብረ ሐና ዓይኑን ከብራናው አንሥቶ አካባቢውን ያይ ነበር።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ስንገባ የምናገኛቸው ልጆች ከረፋዱ በፊት ከብት አግደው፣ ሩዝ አርመው የሚመጡ ናቸው። የርብና የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ማሳ ሲውጥ በዓይናቸው አይተዋል። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲገባ የነበሩ ገበሬዎች በየቀበሌው አሉ፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት እንዴት እህል እንዳበቀለ ከእነሱ በላይ የሚያስረዳ የለም። አንዱን አባት ወይም አንዷን እናት ለአንድ ክፍለ ጊዜ ወደ ክፍል ብንጋብዝስ? የጎርፉን ከፍታ ተማሪዎቹ በግንብ ላይ ከቀረው ምልክት ለክተው በሒሳብ ቢሠሩትስ? ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ሰው መጥቶ ለምን እንደሚንሳፈፍ በእጁ ቢያሳይስ? ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው መምህሩ ከትምህርቱ ጋር መንደሩንም እንዲያጠና ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። አለቃ ገብረ ሐና ደንገሉን ከማየታቸው በፊት የቀደመውን ዜማ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ትምህርቱን ሳያውቅ አዲስ ዘዴ አመጣሁ የሚል መምህር ክፍሉን ጨዋታ ብቻ ያደርገዋል። መጀመሪያ ዕውቀቱ፣ ከዚያ ዘዴው!

አለቃ ገብረ ሐና ያረፉት በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ዕድሜ ጠግበው ነው። በቀጣዩ እትም እያንዳንዳችሁ ከትውልድ አካባቢያችሁ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርት ሊሆን የሚችል አንድ ነገር በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ አምጡልን። መምህሮቻችንም እንዳትቀሩ። ቀልዱንማ ማታ እንሰማዋለን።