ጥምጥም ያሰረው እንግዳ፦ የጉሩ ናናክ ሕይወትና የሲኮች እምነት

 

የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ፣ ስለ አንድ ሰሓባ ወይም ስለ ሀገራችን ዑለማ እንደምጽፍ ሳይጠብቅ አይቀርም። እኔ ግን ሙስሊም ስላልሆነ ሰው ልጽፍ ነው። ነገሩ የመጣው ከራሴ ጥፋት ስለሆነ ከጥፋቴ ልነሳ።

አንድ የክረምት ቀን ከዓስር ሶላት በኋላ ዝናቡ ድንገት ወረደ። ጢሙ ረጅም፣ ጥምጥሙን አሳምሮ ያሰረ አንድ የውጭ ሀገር ሰው ከመንገድ ሮጦ በረንዳችን ላይ ተጠለለ። የቁርኣን ልጆች ተሽቀዳድመው ሰላምታ አቀረቡለት። ከአባቶቻችን አንዱ ደግሞ እጁን ይዘው ወደ ውዱእ ማድረጊያው ይመሩት ጀመር። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሙስሊም አለመሆኑን፣ ሲክ መሆኑን በትሕትና ነገራቸው። እሳቸውም ሲክ ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠየቁኝ። እኔም ሳላጣራ ጣዖት አምላኪ ማለት ነው ብዬ መለስኩ። አንድ ወጣት ይህን ሰምቶ ሰውየው በረንዳውን እንዲለቅ በእጁ አመለከተው። እንግዳው አንድ ቃል ሳይናገር ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። እኔም ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሳነብ መልሴ ስህተት ሆኖ አገኘሁት። የእስልምና ቅርንጫፍ ናቸው የሚሉ ወንድሞችም ተሳስተዋል። እውነቱን ለማወቅ የሚቀናው መንገድ የሃይማኖቱን መሥራች የናናክን ሕይወት መከተል ነው። (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ናናክ የተወለደው በ1469 በፑንጃብ ውስጥ ታልዋንዲ በምትባል መንደር ነው። መንደሯ ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ ስትሆን በስሙ ናንካና ሳሂብ ተብላለች። ዘመኑን ከእኛ ታሪክ ጋር ብናስተያየው፣ ናናክ በሸመገለበት ወቅት በሀገራችን ዐፄ ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ተዋግተዋል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ባቡር የተባለው የሙስሊም ንጉሥ ፓኒፓት ላይ ድል አድርጎ የሙጋሎችን መንግሥት በህንድ አቁሟል። ሰይፍ ከሰይፍ የሚጋጠምበት ዘመን ነበር።

ወላጆቹ ሂንዱዎች ነበሩ። አባቱ መህታ ካሉ ራይ ቡላር ለተባለ ሙስሊም የመሬት ጌታ ሒሳብ ያዥ ነበር። ልጁ ለአቅመ ሥርዓት ሲደርስ እንደ ወገኖቹ ልማድ ቅዱሱን ክር በትከሻው ላይ ሊያስሩለት ካህን ተጠራ። ክሩ የላይኞቹ ዘሮች ምልክት ነው፤ ዝቅተኛ የሚባለው ዘር አያስረውም። ናናክ አላስርም አለ። የሚቆሽሽና የሚበጠስ ክር ለነፍስ ምን ይጠቅማታል ነበር ሐሳቡ። በዘር መከፋፈልን እስከ ዕለተ ሞቱ ተቃውሟል። በዚህ ነገር የቢላልን ታሪክ እየሰማን ያደግን ሰዎች ልንቀየመው አንችልም።

አባቱ ነጋዴ ሊያደርገው ሃያ ሩፒ ሰጥቶ ቢልከው፣ በመንገድ ያገኛቸውን የተራቡ ባሕታውያን አብልቶበት ባዶ እጁን ተመለሰ ይባላል። አባትየው ምን ያህል እንደተቆጣ መገመት አያስቸግርም። ቆይቶ እህቱ ናናኪ ወዳገባችበት ወደ ሱልጣንፑር ሄደና የሙስሊሙ ገዢ የዳውላት ኻን ሎዲ የእህል ጎተራ ኃላፊ ሆነ። እህል ሲሰፍር አሥራ ሦስት ላይ ይደርስና ቁጥሩን ይረሳ ነበር ይላሉ። በቋንቋቸው የአሥራ ሦስት ስም ያንተ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፤ እሱም ያንተ፣ ያንተ እያለ ፈጣሪውን እያሰበ ይሰፍራል። ጎተራውን አራቆተ ተብሎ ተከሰሰ፤ ሲቆጠር ግን ጉድለት አልተገኘም። በዚሁ ዘመን አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዷል።

በ1499 ገደማ ናናክ ሊታጠብ ወደ ወንዝ ወርዶ ሦስት ቀን ጠፋ። ሰምጧል ተብሎ ተለቀሰ። ሲወጣም ሂንዱ የለም፣ ሙስሊምም የለም የሚል ነገር ተናገረ። ተከታዮቹ በእነዚያ ቀናት ከአምላክ ጥሪ ተቀበለ ብለው ያምናሉ። እኛ ነቢይነት በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እንደታተመ ስለምናምን ይህን አንቀበልም። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ገዢውና ቃዲው፣ ሙስሊም የለም ካልክ ከእኛ ጋር ስገድ ብለው ወደ መስጊድ ወሰዱት። ቃዲው እያሰገደ ሳለ ናናክ ቆሞ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ ሲጠየቅ፣ ቃዲው በሶላቱ መካከል አዲስ የተወለደችው ውርንጭላ ከጊቢው ጉድጓድ እንዳትገባ ሲጨነቅ ነበር፤ ገዢውም ከካቡል ፈረስ ሲገዛ ነበር ብሎ መለሰ። ሁለቱም እውነት ነው ብለው አመኑ ይላል ትረካው።

ይህ ከሞቱ በኋላ ተከታዮቹ በጻፉት የሕይወት ታሪክ ውስጥ ያለ ትረካ ነው፤ መሆኑን አላረጋግጥም። እኔ ግን ሰዎችን የማሰግድ ሰው ነኝና ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ክፍያ፣ የሚያፈሰው የመስጊዱ ጣሪያ፣ ስንቱ ውርንጭላ በሩኩዕና በሱጁድ መካከል ሲሮጥብኝ እንደኖረ አላህ ያውቃል። ዑለማዎቻችን ስለ ኹሹዕ የጻፉት ሁሉ ስለዚህችው ውርንጭላ ነው።

ናናክ ሥራውን ትቶ ለረጅም ዓመታት ተጓዘ። ጓደኛው ማርዳና የሚባል ሙስሊም ሲሆን፣ እንደ ክራር የሚመታ ረባብ የተባለ መሣሪያ ይጫወት ነበር። ናናክ ግጥሙን ያወጣል፣ ማርዳና ያጅበዋል። መጽሐፎቻቸው መካና ባግዳድ ደርሰዋል ይላሉ። መካ ላይ እግሩን ወደ ካዕባ ዘርግቶ ተኛ፤ ሰው ተቆጥቶ እግሩን ቢያዞርበት ካዕባም አብራ ዞረች የሚል ትረካም አላቸው። የታሪክ ተመራማሪዎች ይህን እንደ ምሳሌ እንጂ እንደ ድርጊት አይወስዱትም፤ እኛም አንቀበለውም። ቂብላ የምንይዘው አላህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገኛል ብለን ሳይሆን ስለታዘዝን ነው። መንገደኛ ቂብላው ቢጠፋበት አጣርቶ በመሰለው በኩል እንደሚሰግድ በመድረሳ የተማረ ሁሉ ያውቃል።

በ1520ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ናናክ በራቪ ወንዝ ዳር ካርታርፑር የተባለችውን መንደር መሥርቶ ተቀመጠ። የባሕታዊ ልብሱን አውልቆ አርሶ አደር ሆነ። ምናኔ አልፈለገም፤ ሰው ሠርቶ ይብላ፣ ካገኘው ያካፍል፣ የፈጣሪውን ስም ያስታውስ ነበር ትምህርቱ። በዚያ ለንገር የሚሉት የጋራ ማዕድ ተጀመረ። ሀብታምና ድሃ፣ የላይኛውና የታችኛው ዘር በአንድ ረድፍ መሬት ላይ ተቀምጦ ይበላል። አብሮ መብላት በሚያረክስበት ሀገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬም በየቤተ ጸሎታቸው ሥጋ የሌለበት ምግብ ለመጣ ሁሉ በነጻ ይቀርባል፤ ሃይማኖት አይጠየቅም። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ ራሱን ይሸፍናል። ጫማ ማውለቁ ለእኛም ለልደታ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ከገቢያቸው አሥራት ማውጣታቸውም የክርስቲያኖቹን ይመስላል፤ የእኛ ዘካ በኒሷብና በዓመት የተወሰነ ነው።

ወደ መሠረቱ ስንመጣ፣ ሲኮች አንድ፣ መልክ የሌለው፣ ያልተወለደ ፈጣሪ ያመልካሉ። ምስል አያመልኩም፤ አምላክ ሰው ሆነ ማለትንም አይቀበሉም። ስለዚህ ጣዖት አምላኪ ብዬ የመለስኩት መልስ ውሸት ነበር። ይሁን እንጂ ተውሂዳቸው የእኛ ተውሂድ አይደለም። ነፍስ ሞታ በሌላ አካል ትመለሳለች ብለው ከሂንዱዎች ጋር ያምናሉ፤ እኛ አንድ ሞት፣ አንድ ትንሣኤ፣ አንድ ምርመራ ነው ያለን። እንደ ረመዷን ያለ ጾም የላቸውም፤ ሐጅም የላቸውም። በ1604 አምስተኛው መሪያቸው ጉሩ አርጁን ያሰባሰበውን መጽሐፍ፣ ከአሥረኛው መሪ ሞት ከ1708 ወዲህ እንደ ሕያው መሪ ይቆጥሩታል፤ በፊቱም ይሰግዳሉ። እኛ ቁርኣንን እናከብራለን፤ ሱጁዳችን ግን ለአላህ ብቻ ነው። የሚገርመው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ባባ ፈሪድ የተባለው የሙስሊም ሱፊ ግጥሞች መግባታቸው ነው።

ያ ጥምጥምና ጢም የመጣው ከናናክ በኋላ ነው። አሥረኛው መሪ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 ኻልሳ የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁም፣ አባላቱ ፀጉራቸውን ፈጽሞ እንዳይቆርጡ፣ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ አጭር ሱሪና ሰይፍ እንዲይዙ ደነገገ። ትምባሆ ተከለከለ። በእኛ ሥርዓት የታረደ ሥጋም ተከልክሏል፤ ስለዚህ ሲክ ጎረቤት ሥጋችንን ባይበላ ንቀት አይደለም።

ማኅበሩ ሰይፍ ያስያዘው ደም ስለፈሰሰ ነው። ይህን መደበቅ አይገባም። ጉሩ አርጁን በ1606 በንጉሥ ጃሃንጊር ዘመን ላሆር ላይ ተገደለ። ዘጠነኛው ጉሩ ቴግ ባሃዱር ደግሞ በ1675 በአውራንግዜብ ትእዛዝ ዴልሂ ላይ ተሰየፈ። ሁለቱም ነገሥታት ሙስሊሞች ነበሩ። (በነገራችን ላይ ከሀገራችን በባርነት ተሸጦ ህንድ ገብቶ የጦር መሪ የሆነው መሊክ አምበር እድሜውን ሲዋጋ የኖረው ይህንኑ ጃሃንጊርን ነው።) ሆኖም የጎቢንድ ሲንግ ሁለት ትንንሽ ልጆች እንዲገደሉ በተፈረደ ጊዜ፣ ድርጊቱ ከእስልምና ጋር አይሄድም ብሎ የተቃወመው የማለርኮትላው ሙስሊም ገዢ ሸር ሙሐመድ ኻን ነው። ልጆቹ አልተረፉም። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብ በደም ስትታጠብ ግን በማለርኮትላ ያሉ ሙስሊሞች ሳይነኩ ቀሩ፤ ሲኮች የዚያን ሰው ቃል አልረሱም ነበርና።

ናናክ በ1539 ካርታርፑር ላይ ሞተ። ከልጆቹ አንዱን ሳይሆን ተከታዩን አንጋድን ተተኪ አድርጎ ነበር። ሂንዱዎቹ እናቃጥለው፣ ሙስሊሞቹ እንቅበረው ብለው ተከራከሩ፤ ጨርቁን ሲገልጡ አበባ ብቻ አገኙ፤ ጨርቁን ለሁለት ቀደው ግማሹን አቃጠሉ፣ ግማሹን ቀበሩ ይባላል። ቦታው በፓኪስታን በኩል ስለቀረ የህንድ ሲኮች ለብዙ ዓመታት ከድንበሩ ማዶ ቆመው ያዩት ነበር። ያለ ቪዛ የሚሻገሩበት መንገድ በ2019 ኅዳር ወር ተከፈተ።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ የእንግዳውን እጅ ይዘው ለነበሩት አባታችን አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙና አባታቸው በ1933 ዓ.ም. ጣልያን አምባ አላጌ ላይ እጁን ሲሰጥ እዚያ እንደነበሩ ነገሩኝ። ከእንግሊዝ ጋር የመጡት ጥምጥም ያሰሩ የህንድ ወታደሮች ለአባታቸው ቂጣ ቆርሰው ሰጥተዋቸዋል። አባትየው እስኪሞቱ ድረስ ያበሏቸውን ሰዎች ሙስሊሞች ናቸው ብለው ዱዓ ሲያደርጉላቸው ኖረዋል። ያን ቀን የእንግዳውን እጅ የያዙትም ለዚህ ነበር።